ቀጥ ያለ ቃል

ሽማግሌዎች ታላቅ እህቴን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ዕለት፣ እሷ ራሷ ከጓዳ ወጥታ ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ እኔ ደብረ ታቦር ሄጄ መማር ነው የምፈልገው፤ አይዳሩኝ» አለች።

አባታችን ገሳይ ከተማ አጠገብ ባለ ደብር የቅኔ መምህር ነበሩ። እንግዳ ፊት አፈሩና «ደፋር!» ብለው ጮኹባት። አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። በዚያው ዓመት ሐሙሲት ከተማ ለሚኖር ሰው ተዳረች።

ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ የመግባቱ ዕድል ለእኔ ደረሰ። አንድ ጊዜ ለእረፍት ቤት ስመጣ፣ «አንደበተ ርቱዕ» የሚለው ቃል ከምን እንደመጣ አባባን ጠየቅኋቸው።

«ርቱዕ በግዕዝ ቀጥ ያለ፣ ያልተጣመመ ማለት ነው» አሉኝ። «በሙግት ረታ የምንለውም ከዚያው ይወጣል።» ቀጥለውም፣ «ያኔ እህትሽ የተናገረችው እኮ ቀጥ ያለ ነገር ነበር» አሉ።

በማግስቱ በሚኒባስ ሐሙሲት ሄድን። እህቴና ባሏ ተቀበሉን። አባባ ይህንኑ ነግረዋት ይቅርታ ጠየቋት።

«ግድ የለም አባባ፣ ያለፈ ነገር ነው» አለች እጃቸውን እያስታጠበች።

«አሁንስ ልጄ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሏት።

እህቴ ቀና ብላ ባሏን አየችው። እሱ እንዲመልስላት እየጠበቀች ነበር።