አንቲረስት የለበሰችው አይሱዙ

አልኮራም ብል ውሸት ነው። አምቦ ውስጥ ከቆርቆሮ የመኪና ሞዴል የሚሠራ ሌላም ሰው አለ፤ ከቀለም በፊት ያለውን ሥራ እንደ እኔ የሚያከብር ግን የለም። ብየዳውን በሞረድ አስተካክላለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ፣ በሳሙና አጥቤ አደርቃለሁ። ከዚያ ቀይ ቡናማውን የዝገት መከላከያ፣ አንቲረስቱን፣ ሁለት ጊዜ በስሱ እነፋበታለሁ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው፤ የእጅ ወዝ ያረፈበት ቦታ ቀለም አይይዝም።

የጌዶው ኦቦ ቶሎሳ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ለረጅም ዓመታት የነዷትን አይሱዙ አሳንሼ እንድሠራላቸው አዘውኝ ነበር። አንድ ቀን ሳይታሰቡ መጡና፣ አንቲረስት ብቻ የተቀባችውን ሞዴል ገና ሲያዩ ኮፈኗን በባዶ እጃቸው ዳበሱት።

«አይንኳት!» ብዬ ጮህኩ።

ሽማግሌ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። እጃቸውን ሰበሰቡ። በጩኸቴ አፍሬ ስለ እጅ ወዝ መቀባጠር ጀመርኩ፤ ነገ የምቀባትን ነጭ ቀለም ሳይቀር ከፍቼ አሳየኋቸው። ፊታቸው ጭራሽ ጠቆረ።

«ምን አጠፋሁ ኦቦ?»

«ልጄ፣ ቀለሙን ክደነው» አሉኝ። «የመኪናዋ ባለቤት ለመስቀል እናስቀባታለን፣ ለፋሲካ እናስቀባታለን እንዳለ፣ አሥራ ስምንት ዓመት በአንቲረስት ነዳኋት። ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ራሷ እኮ ናት!»

ሁልጊዜ በቀለም የሚሸፈነው ሥራዬ ዛሬ ጌዶ፣ ኦቦ ቶሎሳ ሳሎን ውስጥ፣ ራቁቱን ቆሟል።