የሌለች አክስቴ ለቅሶ

አብዮት ጠባቂዎቹ የወሰዱኝ ከማስተምርበት ክፍል ነው፤ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። ያስገቡኝ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ መዶሻና ማጭድ ተስሎበታል፤ ከወለሉ ስንጥቅ ገና የጤፍ ፍሬ ይለቀም ነበር። አሥራ አራት ሴቶች ነበርን። የእኔ ጥፋት በአንድ ተማሪዬ ደብተር ውስጥ የተገኘ ወረቀት ነው። እኔ አልጻፍኩትም፤ ብጽፈውማ ያን ያህል የፊደል ስህተት አይኖረውም ነበር።

ከጎኔ የምትተኛው ከደባርቅ ወዲያ ካለ ደጋ የመጣች የገበሬ ሚስት ናት። ለመርማሪዎቹ ግን ባል የሌለኝ ጠላ ሻጭ ነኝ ብላለች። አንድ ቀን ጸጉሬን ስትሠራኝ እውነቱን አጫወተችኝ። ባሏ መሬቴንም ጠመንጃዬንም አላስረክብም ብሎ ጫካ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ወንድሞቹና የበኩር ልጇም አብረውት ናቸው። የማን ሚስት እንደሆነች ከታወቀ ልጇ ያለበትን እስክትናገር ድረስ ይገርፏታል። ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ብጠይቃት ሳቀች።

"ሸጋ ሰው ነው፤ ቁጣው ነው እንጂ" አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ከአዲ አርቃይ አንዲት እስረኛ መጣች። ሴትዮዋን ከአገሯ ታውቃታለች፤ ባሏ መገደሉንና ሬሳው ገበያ መሃል ተጋድሞ መዋሉን በሹክሹክታ ነገረችን። የሰማነው እኔና እማማ ብቻ ነን። እማማ የምንላቸው የክፍላችን ታላቅ ናቸው፤ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ የጎንደር ሙስሊም።

መርዶውን መንገሩ አላስጨነቀንም። በአገራችን መርዶ ማለዳ በታላቅ ሰው ይነገራል፤ እማማ ያውቁበታል። ያስጨነቀን ለቅሶው ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ድምጿን አውጥታ ካላለቀሰች ሐዘኑ ውስጧን ይበላዋል። ካለቀሰች ደግሞ ዘበኛው ማን ሞተብሽ ማለቱ አይቀርም።

እማማ ጥቂት አሰቡና ወደ እኔ ዞሩ።

"ሐዘንተኛዋ አንቺ ሁኚ" አሉኝ። "ለቅሶው ያንቺ ነው ይባል፤ እሷ በዚያው ታልቅስበት።"

በነጋታው ማለዳ እማማ ሴትዮዋን በሁለት እጃቸው ይዘው በጆሮዋ ነገሯት። እኔ ቀድሜ ጮህኩ። ዘበኛው አስር አለቃ በሩን በርግዶ ሲገባ፣ አዲስ የገባችው እስረኛ የአክስቴን፣ የእናቴን እህት መርዶ እንዳመጣችልኝ ነገርኩት። የአገር ልጅ ነው፤ መፈክሩን ቢያጠናም ለቅሶ መከልከል ግን አልሆነለትም። እስከ ምሳ ድረስ አልቅሱ ብሎ በሩን ገርበብ አደረገው።

እሷ የምታጽናናኝ መስላ አንገቴን አቀፈች፤ ስሙን እየዋጠች አለቀሰች። አንድ ጊዜ ግን ሐዘኑ አሸነፋትና ምንሽሩን ማን ይወልውለው አለች። አክስቴ ጠመንጃ ነበራት ማለት ነው። ሁላችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ሸፈንናት። እኔም እያስመሰልኩ አልነበረም፤ ያንን የማላውቀውን ሰው ከልቤ አለቀስኩለት።

ስህተቴ የታወቀኝ በማግስቱ ነው። ስንቅ የምታመላልስልኝ እናቴ ናት፤ እናቴ ደግሞ ለእናቷ አንዲት ናት፣ እህት የላትም። በበሩ ቆርቆሮ ቀዳዳ ሳይ አስር አለቃው ስንቁን ከመቀበሉ በፊት ኮፍያውን አወለቀ።

"እናቴ፣ እግዜር ያጥናዎት። እህትዎ ማረፋቸውን ሰማን" አላት።

 እናቴ የምን እህት ካለች ሁሉም ነገር ያበቃል። ሴትዮዋ አጠገቤ ቆማ እጄን ጨብጣ ይዛኛለች። እናቴ ሰሃኑን እንደያዘች አንድ ጊዜ ወደ እኛ ወደ ቆርቆሮው አየች። ከዚያ ስንቁን መሬት ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ወይኔ እህቴ ብላ ደረቷን መታች። አስር አለቃው ራሱ ደግፎ አስቀመጣት። እናቴን የዚያን ቀን ያህል ወድጃት አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጥቁር ለብሳ መጣች፤ ዓመት ሙሉ አላወለቀችውም። ጎረቤት ማን ሞተብሽ ሲላት ምን ትመልስ እንደነበር እስካሁን አላውቅም። ሴትዮዋን ጠላ ሻጭ ናት ብለው ከእኔ ቀድመው ፈቷት።

እኔ የተፈታሁ ዕለት ቤታችን ሞልቶ ዋለ። ጠያቂው ሁሉ ሲሄድ እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ለማን ነበር ያዘንኩት?" አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ፍታት እንዲደረግለት ለቄሱ ልትሰጥ የክርስትና ስሙን ጠየቀችኝ። አላውቀውም አልኳት። እዚያ ክፍል ውስጥ ስም አይጠየቅም፤ የማናውቀውን በጅራፍም አያወጡብንም።

"ምነው ልጄ" አለች አዝና፤ "ዓመት ሙሉ ጥቁር የለበስኩለትን ሰው?"

እሁድ አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ ለቄሱ ስሙን እግዜር የሚያውቀው ብላ ሰጠችላቸው።

አሁን እሷም ካረፈች ቆይታለች። በሙት ዓመቷ ስሟን ለጸሎት ስሰጥ ወጣቱ ቄስ ሌላ የምታስጠሪው አለ ወይ ይሉኛል። አንድ ሰው አለ፤ ስሙን ግን አላውቀውም እላቸዋለሁ። ዘንድሮ ምንሽ ነው ብለው ጠየቁኝ።

"የእናቴ ሐዘን ነው" አልኳቸው።

ከስሟ ሥር ለእሱም አንድ መስመር ያዙለት።