ስምንት ምት ዝምታ

ዲላ ሁለተኛ ደረጃ ስማር አራት ሆነን ባንድ አቋቁመን ነበር። እኔ ድራም እመታለሁ። ጊታር የሚጫወተው ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ የዳኛ ልጅ ነው፤ የምትዘፍነው ልጅ አባቷ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣሉ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ደግሞ የጌዴኦ ገበሬ ልጅ ነበር፤ መጫወት የተማረው ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር ነው፤ አኮርዲዮኑንም ያዋሱት እነሱ ናቸው። መንደሩ ከከተማው የአንድ ቀን መንገድ ስለሚርቅ ከታላቅ እህቱ ጋር ዲላ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ።

መጀመሪያ ላይ የምናወጣው ድምፅ ጆሮ ይበጥስ ነበር። እያንዳንዳችን በየፊናችን እንሮጣለን፤ ዘፋኟ መሃል ላይ ትቀራለች። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ወንበሮቻችንን አዙሮ ጀርባ ለጀርባ አስቀመጠን። መተያየቱን ትተን እንድንደማመጥ ነው ያለን። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ እንደዚያ ተቀምጠን እንለማመድ ጀመር። ከጥቂት ወራት በኋላ አኮርዲዮኑ ተለጥጦ አየር ሲስብ እኔም አብሬው እተነፍስ ነበር። ዘፋኟ የትኛውን ዘፈን ልታነሳ እንደሆነ አፏን ሳትከፍት እናውቃለን። እንዲህ ሲሆን ሦስታችን እንስቃለን፤ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ግን አይስቅም ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ ይርጋጨፌ እንድንጫወት ተጠራን። ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን እሱን ወባ ጣለው። እህቱ በእግሩ መቆም እንደማይችል ነገረችን። ይቅርብን ብለን ነበር፤ ሂዱ ያለን ራሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የተጫወትንበት ቤት የቡና መጋዘን ነበር። አዲሱ ቡና ገና አልገባበትም። ባዶ ጆንያ በግድግዳው ዙሪያ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል፤ ድራሙን ስመታ ድምፁ ጆንያው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ጭጋጉ በበሩ ዘልቆ ከኋላ የተቀመጡትን ሰዎች ሸፍኗቸዋል። ለሦስታችን አራት ወንበር መደርደራችንን ያየሁት ከጀመርን በኋላ ነው።

ሁለት ዘፈን እንደምንም ተወጣን። ሦስተኛው ላይ ዘፋኟ ያልተነጋገርንበትን አነሳች፤ እሱ በጌዴኦኛ ያስተማረንን፣ ከተውነው የቆየ የዝናብ ዘፈን። ጊታሩም እኔም በዚያው ቅጽበት አብረናት ገባን። መሃሉ ላይ ስንደርስ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ዝም አልን። አኮርዲዮኑ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ነው፣ ስምንት ምት። ማንም ለማንም አልጠቀሰም። ከሕዝቡ መካከል ያሳለ ሰው እንኳ አልነበረም። ስምንቱ ሲሞላ እኩል ገባን፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። በአውቶቡስ ስንመለስ ስለዚያ ነገር ያነሳ የለም።

እሁድ ጠዋት ልንጠይቀው ሄድን። እህቱ በር ላይ አስቁማን ቀስ ብላ አወራችን። ትናንት ከሰዓት ትኩሳቱ ጠንቶበት፣ ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ ሲሮጡ፣ ሊሞትብኝ ነው ብላ ጎረቤት ጠርታ እንደነበር ነገረችን። ገብተን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥን። ስለ ይርጋጨፌ ገና አንድ ቃል አልተነፈስንም።

“የዝናቡን ዘፈን ሳትነግሩኝ ለምን አነሳችሁት?” አለን። “ጣቴ ረስቶት ነበር። ስምንቱን ምት የሞላሁት በስንት መከራ ነው።”

ዘፋኟ ማን እንደነገረው ጠየቀችው። ጥያቄው ያልገባው ይመስል አያት። ጊታር ተጫዋቹ የያዘውን ብርጭቆ አስቀምጦ ወጣ።

በሁለት ሳምንት ተሻለው፤ ወደ እኛ ግን አልተመለሰም። አኮርዲዮኑን ለቤተ ክርስቲያኑ መልሶ፣ ትምህርቱንም አቋርጦ አገሩ ገባ። ወላጆቹ ዘፈን ከልክለውት ነው ተባለ፤ እኛም አመንን። በእሱ ቦታ ሳክስፎን የሚነፋ ልጅ አስገባን። ወንበሮቻችንንም ፊት ለፊት አዞርናቸው። አንድ ዓመት ያህል በየከተማው ተጫውተን፣ የተማሪው ረብሻ ትምህርት ቤቱን ሲያዘጋው ተበተንን።

ከዓመታት በኋላ አኮርዲዮን ተጫዋቹን ዲላ አውቶቡስ ተራ አገኘሁት። የመንደር ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኗል። ወላጆቹ ምንም እንዳልከለከሉት፣ የሸሸው ከእኛ እንደሆነ ነገረኝ። መሸሹ ግን አልጠቀመውም።

“ረቡዕ ረቡዕ እሰማችሁ ነበር” አለ። “ስትበተኑም ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ጆሮዬ ጭር አለብኝ።”

ትፈራ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። መጀመሪያ መፍራቱን፣ በኋላ ግን ረቡዕ እስኪደርስ እየቸኮለ፣ እናቱ እንዳታየው እንሰቱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥ እንደነበር አጫወተኝ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ተሰናብቼው ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ሆዴን የበላኝ ሌላ ነገር ነው። እሱ ያን ሁሉ ጊዜ እኛን ሲያዳምጥ፣ እኛ የት ደረሰ ብለን አንድ ቀን እንኳ ሄደን አልጠየቅነውም።