ዘይቱ ሙሉ፣ መርፌው ዜሮ

ዛሬ ከብልባላ ወደ ላሊበላ ስንመለስ፣ ዳገቱ መሐል የፒክአፓችን የዘይት ግፊት መርፌ ዜሮ ላይ ወደቀ።

«የኔታ፣ ወላሂ ሞተሩ ያንኳኳል፤ እናቁም» አለኝ ሾፌሬ አሊ።

«ዘይቱን ጠዋት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሙሉ ነው። ይልቅ ንዳ!» አልሁት።

ነዳ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ።

በኋላ አንድ መካኒክ ከፍቶ ሲያየው ዘይቱ በእርግጥ ሙሉ ነበር፤ ፓምፑ ግን አይገፋውም። ለካ መርፌው የሚናገረው ስለ ግፊቱ እንጂ ስለ ብዛቱ አልነበረም።

ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪን ስለ አንዲት ፊደል ስገሥጽ የኖርሁ መምህር፣ አንዲት መርፌ ማንበብ ተሳነኝ።

ሞተሩ አይድንም ተብሏል። የእኔም የአሊም ቤተሰብ የሚተዳደረው በዚህች መኪና ገቢ ነበር። አሊ አንድም ቃል አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

«እናቁም» ያላችሁን ሾፌር «ንዳ» ያላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ።