ከሃያው ሦስተኛው

ዓለም ገና ውስጥ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ ግጥም የምጽፈው በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ነበር። ማሽኑ ቀለም ሲረጭ ወይም ደንበኛው መታወቂያውን አጣሞ ሲያስቀምጥ ወረቀቱ የእኔ ይሆናል። አስተማሪ አልነበረኝም። ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ ያነበብኩትን እየኮረጅኩ እጽፋለሁ። በሳምንት አሥር ግጥም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ብዛቱን እንደ ጉብዝና ነበር የምቆጥረው።

አንድ ቀን ሆዷ የገፋ ሴት የእርሳስ ሥዕሎች ይዛ መጣች። “ጥቁሩን አጥቁርልኝ” አለችኝ። አንደኛው ሥዕል ላይ የሚኒባስ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል። እኔ ግን ዓይኔ እግሩ ላይ ቀረ። አንደኛው ነጠላ ጫማ ከተረከዙ ሾልኮ ሊወድቅ ነው።

“ይሄ ልጅ ጫማውን ሊጥል ነው” አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። “ሰው ሁሉ አፉን ነው የሚያየው። ምን ትሠራለህ አንተ?”

“ፎቶ ኮፒ።”

“እሱንማ አየሁት።”

“ግጥም እሞክራለሁ።”

“እንግዲያው ገጣሚው፣ አንድ እሁድ ቤት ናና ሌላም አሳይሃለሁ።”

ቤቷ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ “ኦቦ” ብቻ እያለ በሚጠራቸው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግቢ ውስጥ ነበር። ሁለት ክፍል ተከራይታ ከባሏ ጋር ትኖራለች። ባሏ ከተማ ሠርቶ ማታ ይመለሳል። እሷ ጣውላ በትንንሽ መሮ ትቀርጽና ቀለም ትቀባዋለች። ከዚያ ወረቀት አልብሳ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ታሸዋለች። ወረቀቱ ሲነሣ ሥዕሉ አብሮ ይነሣል። ግድግዳዋ ላይ የጓደኞቿም ሥራ ተሰቅሏል። ቡራዩ ለሕፃናት መጽሐፍ የምትሥል አንዲት ወጣት የሠራችው ዝናብ አለ፤ ዝናቡ ራሱ ይስቃል። አንድ የሱሉልታ ልጅ ደግሞ በተጣለ የወለል ፕላስቲክ ላይ ሯጮችን ቀርጿል። ከሩጫቸው ይልቅ ትንፋሻቸው ነው የሚታየው።

“እነዚህ ሰዎች በሕይወት አሉ?” ብዬ ጠየቅኋት። ሠዓሊ ማለት ወይ የሞተ ወይ ውጭ አገር ያለ ይመስለኝ ነበር።

“የሱሉልታው ትናንት ደውሎልኛል። ጉንፋን ይዞታል” አለችኝ።

ስለዚያ ጉንፋን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ሚኒባስ የሚጠብቁ፣ የቤት ኪራይ የሚያሳስባቸው፣ አፍንጫቸውን የሚናፈጡ ጎረቤቶቼ መሆናቸውን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ጊዜው ግን ጥሩ አልነበረም። የከተማው ፕላን ወደ ዙሪያው የእርሻ መሬት ይሰፋል ከተባለ ወዲህ ተማሪው ሰልፍ ይወጣል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ጥይት ይሰማል። ከአንዳንድ ቤት የወጣ ልጅ ሳይመለስ ቀርቷል። ያን ሰሞን እሷ የኦቦን ፊት ቀረጸች። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ማሳቸው፣ ማሳው ላይ ተራርቀው የተተከሉ የቅየሳ ችካሎች።

ኦቦ ሲያዩት፣ “አፍንጫዬን አስረዘምሽው” አሉ። ቀጥለው፣ “ችካሉን ገና ማንም አልተከለ። ለምን ሣልሽው?” አሏት።

“እርስዎ በሐሳብዎ ቀን ከሌሊት ያዩት የለ?”

ሥዕሉን ጠጋ ብለው አዩት። መልሰውም፣ “አፍንጫው ግን ረዝሟል” አሉ።

ማተም ከጀመረች በኋላ ጣውላው መሰንጠቅ ጀመረ። ሃያ ላይ ስትደርስ አቆመች። ከእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ በእርሳስ 1/20፣ 2/20 እያለች እስከ መጨረሻው ጻፈች። የሙያው ልማድ ነው፤ የትኛው ስንተኛ እንደታተመ ይታወቅበታል። “ከእንግዲህ ይህ ሰው አይታተምም። ያለው ይሄው ነው” አለችኝ።

ከወለደች ሦስተኛ ሳምንቷ ላይ፣ ከተማ ያለ አንድ አዳራሽ ሥራዋን እስከ ዓርብ እንድታስገባ ነገራት። ከልጅ እግር ሠዓሊዎች ጋር የምታሳይበት የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኗ ነበር። ዓርብ ጠዋት መንገዱ ተዘጋ።

“እኔ በእግሬ አደርሰዋለሁ” አልኩ።

“አንዷን ብቻ ውሰድ። የሚሰቀለው አንድ ነው። የላይኛዋን” ብላ ሕፃኑን ልታጠባ ወደ ውስጥ ገባች።

እኔ ኤግዚቢሽን የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። አንድ ወረቀት ለአንድ ግድግዳ አሳዘነኝ። ሃያውን ሲያዩ ሃያውን ይሰቅሉላታል ብዬ፣ ሁሉንም በላስቲክ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

ከዓለም ገና ወጣ እንዳልኩ አስፋልቱ ላይ ድንጋይና የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሟል። አረንጓዴ ማሊያ የለበሰ ወጣት መንገዴ ላይ ቆመ።

“ኤሳ ዴምታ?”

“ወደ ከተማ” አልኩ። ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ አፌ ላይ ግን ይሰበራል።

“ምንድን ነው የያዝከው ብሮ? መፍታት ነው!”

ፈታሁት። ጓደኞቹ ከበቡን። ማሊያ የለበሰው ጎንበስ ብሎ አየና ጮኸ፣ “ኩን ጃርሳ ኬኛ! የእኛ ሽማግሌ እኮ ናቸው! አፍንጫቸው!”

ችካሎቹን ሲያይ ሳቁ ቆመ። ሳይጠይቀኝ ከላይ ሦስተኛውን ወረቀት ሳበና አጥፎ በማሊያው ውስጥ ከተተው። አጥፎ! ልቤ አብሮ ታጠፈ። ግን ምን እላለሁ? “ዴሚ፣ ሂድ” አለኝና ግንዱን አሻገረኝ።

አየር ጤና ከመድረሴ በፊት ደግሞ ፖሊሶች ቆመዋል። አንዱ ጎልማሳ ነው፤ አንዱ የእኔ እኩያ ቢሆን ነው።

“ና ወዲህ። በራሪ ወረቀት ነው?” አለ ጎልማሳው።

“ሥዕል ነው ጋሼ።”

“አንድ ዓይነት ሥዕል ይሄን ያህል? ሥዕል አንድ አይደል እንዴ!” ግርጌውን አየ። “አንድ ከሃያ፣ ሁለት ከሃያ… ሃያዎቹ እነማን ናቸው?”

“ሰዎች አይደሉም፤ የሕትመቱ ቁጥር ነው።”

“እኮ! ሁለት፣ ከዚያ አራት። ሦስተኛው የታለ? ለማን ሰጠህ?”

ስለ ራሴ ብቻ አልነበረም የፈራሁት። የማይደገመውን ሥራዋን ሁሉ፣ አንድ ብቻ ተብዬ፣ በራሴ ሆዳምነት እዚህ ሰው እጅ ላይ አምጥቼ ጥዬዋለሁ። ውሸት ፈለግሁ፤ አጣሁ።

“መንገድ የዘጉ ልጆች አሉ፤ አንዱ ወሰደብኝ። ሽማግሌውን ያውቃቸዋል።”

ጎልማሳው በረጅሙ ተነፈሰ። “ዘርጋው።”

አሥራ ዘጠኙንም መንገድ ዳር ባለችው የጥበቃ ቤት ሲሚንቶ ወለል ላይ ደረደርኩ። የተደበቀ ጽሑፍ አለ ብለው አንዱን ከአንዱ ያስተያዩ ጀመር።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለ ወጣቱ ችካሎቹን እያሳየ።

“አጥር።”

“አጥር እንዲህ ተራርቆ? በሬ ያሳልፋል እኮ! እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አታሞኘኝ።” ዓይኔን ከችካሎቹ ላይ አነሣሁ። እሱም አልደገመውም። ጎንበስ ብሎ ከአንድ እስከ ሃያ እየተራመደ ያይ ገባ። “አለቃ፣ እነዚህ አንድ አይደሉም። ከአሥራ ሦስተኛው ጀምሮ ግንባሩ ላይ መስመር አለ።”

“የጣውላው ስንጥቅ ነው” አልኩ።

“እያደገ ይሄዳል። አሥራ ሰባተኛውን እይ። የፊተኞቹ ላይ ፎቶ የሚነሡ ይመስላሉ። እዚህ ላይ ግን የመረራቸው ናቸው።”

“ሃያኛው አይሻልም?” አለ ጎልማሳው፣ እሱም ጎንበስ ብሎ።

“ሃያኛው በዛ። ፊታቸውን ከፈለው።”

ሁለቱ ስለ አሥራ ሰባትና ሃያ ሲከራከሩ ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ ጎልማሳው፣ “ጠቅልለህ ሂድ። ቁጥር የተጻፈበት ነገር ይዘህ ሁለተኛ በዚህ እንዳትመጣ” አለኝ።

አዳራሹ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። የተቀበለችኝ ሴት ጥቅሉን አይታ ሳቀች። የላይኛዋን አነሣች። “ሌላው ቤቱ ይመለስ” አለችኝ።

ቅዳሜ አሥራ ስምንቱን ይዤ ተመለስኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

“አንድ አላልኩህም?”

“ብለሽኛል።”

“ቢቀድዱብኝስ? አንተንስ ቢያስሩህ?”

በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ የነበሩት ኦቦ ገቡ። “ወሰደኝ ያልከው ልጅ አረንጓዴ ማሊያ ነው? አውቀዋለሁ። ፊቱ የእኔ፣ የምትቆጪው አንቺ! ይተውልኝ፤ ቤቱ ልኑርበት።”

ሳቋ አመለጣት። ወደ እኔ ዞራ፣ “ፖሊሱ ስንተኛውን ነው ያለው?” አለችኝ።

“አሥራ ሰባተኛውን።”

ከጥቅሉ አወጣችው። መስኮቱ ጋ ወስዳ፣ ሕፃኑን በአንድ ክንዷ እንደያዘች፣ ብዙ አየችው። “እኔ እኮ ስንጥቁን ስጠላው ነው የኖርኩት። አንደኛውን የላኩት ንጹሕ ስለሆነ ነው” አለች። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠችኝ። “መንገዱ ሲከፈት ይህንን አድርሰህ አንደኛውን መልስልኝ። ይህንን ብቻ።”

ማክሰኞ ሚኒባስ ሲጀምር አደረስኩት። የመክፈቻው ቀን የቡራዩዋ ሠዓሊና የሱሉልታው ልጅ መጡ፤ እጃቸውን ጨበጥኩ። ሰው አሥራ ሰባተኛው ፊት ቆሞ የኦቦን ግንባር ሲያይ፣ ማን እንደመረጠው ልነግር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ያ ወጣት ፖሊስ ስሙን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። በሩን ግን ደጋግሜ አይ ነበር።