ሰው በክረምት ብቻ የሚከፋው ይመስለኝ ነበር

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ክረምት ሲገባ እኔው ራሴ ስለምነጫነጭ፣ ሰው ሕይወቱን የሚጠላው ዝናብ ሲበዛ ነው ብዬ አመንኩ። ማመን ብቻ ቢሆን ደግ፤ ሻይ በተቀዳበት ሁሉ አስተምር ነበር።

ቂርቆስ፣ የምኖርበት ግቢ ውስጥ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ጎረቤት ነበሩኝ። ግንቦት ላይ ባለቤታቸው ሞቱባቸው። ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር ራሴን ጠባቂያቸው አድርጌ ሾምኩ። ሐምሌንና ነሐሴን ከሥራ መልስ እየሄድኩ፣ ከቆርቆሮው ጩኸት በላይ እየጮህኩ ሳጫውታቸው ከረምኩ።

«ልጄ፣ የከፋው ማናችንን ነው?» አሉኝ አንድ ቀን። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

መስከረም ጠባ፣ ፀሐይ ወጣች። አደጋው ያለፈ መስሎኝ እግሬን ሰበሰብኩ።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ብራ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ቀኑ እንዴት ያምራል!»

«ያምራል» አሉና፣ «ልጄ፣ መኖር ሰልችቶኛል። ዛሬ ብቻዬን ባትተወኝ።»

መልሴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ «በዚህ ፀሐይ?» አልኳቸው።

ሰነፍ ተማሪ እንደሚያዩ ሆነው ቀና ብለው አዩኝ። «ክረምቱን ሰው ሁሉ ኮቱን ደርቦ ሲያኮርፍ እኔም ከሰው እኩል ነበርኩ። አሁን ሁሉም ሲስቅ ብቻዬን ቀረሁ።»

ቦርሳዬን አስቀምጬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «ራስዎን ሊያጠፉ አስበዋል?» አልኳቸው።

«አስቤያለሁ» አሉ።

ለመሥሪያ ቤቴ ደውዬ እንደምቀር ነገርኩ። ሰንጋ ተራ የምትኖረውን ሴት ልጃቸውን ጠራኋት። እስክትደርስ ካጠገባቸው አልተነሣሁም፤ ከዚያ ሦስታችንም ወደ ሐኪም ቤት ሄድን።

ሐኪሟ እሳቸውን ለብቻ ካነጋገረች በኋላ ወደ እኔ ዞረች። «ቅርባቸው ነህ አሉ። ስሜቱ መቼ ነው የጀመራቸው?»

«አላውቅም» አልኳት። ሁለት ወር ሙሉ ሳወራ አንዴም አልጠየቅኳቸውም ነበር።

ልጃቸው እሷው ቤት ወሰደቻቸው። መድኃኒቱንም ምክሩንም ሳያቋርጡ ቀጠሉ፤ ቀስ በቀስም ተሻላቸው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እጠይቃቸው ጀመር። አንድ ቅዳሜ፣ «ዛሬ እኔ ላውራ» ብለው ስለ ባለቤታቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ አጫወቱኝ። ያቋረጥኳቸው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።