ያዛወርኩት ቅርንጫፍ

ይህ ነገር ያስከፈለኝ አንድ ወዳጅ ነው። በዚያ ላይ የመንገድ ጓደኛ የሚባል ነገር ቀረብኝ፤ ከአሶሳ ኩርሙክ የምመላለሰው ብቻዬን ነው። ሰው «አብረን እንውጣ» ሲለኝ «ዕቃዬ አልደረሰም» እላለሁ። ዕቃው ደርሷል። ለምን እንደምዋሽ ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለልጆቼም አልነገርኩም። እኔ ያደግኩበት የወለጋ ወንጌላዊ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የለውም። ቢኖረው ኖሮ ለእሱ ሹክ ብዬ እናንተን ባላስቸገርኩ።

ክልሉ አዲስ የተቋቋመ ሰሞን ነው። አሶሳ ላይ ቢሮ ከወንበሩ ቀድሞ ይከፈት ነበር፤ ኃላፊውም ባለጉዳዩም ቆመው ይነጋገራሉ። እኔ ጨው፣ ሳሙናና የሱዳን ሽቶ የምነግድ፣ ትምህርቴን መጋዘን በር ላይ የጨረስኩ ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን ከቱሪዝም ቢሮው አንድ ወጣት ኃላፊ ሱቄ መጣ። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ ከኩርሙክ መንገድ ገባ ብሎ ያለውን ተራራ ወጥተው ያዩታል፤ ከወደዱት ብሔራዊ ፓርክ ይሆናል፤ ቱሪስት ይጎርፋል አለኝ።

«ጋሼ፣ ተራራውን የሚያውቅ ሰው እርስዎ አያጡም» አለ።

አላጣሁም። አጥየብ ነበር። አጥየብ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ተራራው ሥር ተወልዶ ያደገ፣ የነጋዴ አህያ በአቋራጭ እየመራ ኩርሙክ የሚያደርስ፣ እንጀራው መንገድ ማወቅ የሆነ ሰው። የኔንም ጨው ብዙ ጊዜ መርቷል። «ያ አኺ» ይለኛል፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። ቤቱ ገብቼ የማሽላ ገንፎ ከአንድ ሳህን በልተናል።

የጠራሁት ግን ለወንድምነት ብቻ አልነበረም። በሐሳቤ ተራራው ሥር ሱቅ ከፍቻለሁ፤ ምግቡ የኔ፣ መኝታው የኔ፣ ለስላሳው የኔ። እግሩ የእሱ፣ ኪሱ የኔ።

በማለዳ ተነሳን። ተራራው ሥር አጥየብ እንግዶቹን ሰብስቦ የአገሩን ደንብ አስተማራቸው። መንገድ ሁለት በሚሆንበት ቦታ ቀድሞ የሚያልፈው ሰው እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጦ በማይኬድበት ላይ ያጋድማል፤ ኋላ የሚመጣው ያንን አይቶ በሌላው ይሄዳል።

«ቅርንጫፍ ያለበት፣ መንገድ የለም» አላቸው። «ተዘግቷል። እግር አታስገባ።»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ፣ ሳቀ። «ይሄማ ከትራፊክ ይሻላል፤ መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም!»

በቀርከሃው መሐል ወጣን። ዝንጀሮ ጮኸብን፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነን የሱዳንን ሜዳ እንደ ተዘረጋ ሰሌን አየነው። እንግዶቹ ፎቶ አነሱ፤ ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። ወጣቱ ኃላፊ በደስታ ጎኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ሰውየውን አገኘነው! ጠባቂውም አስጎብኚውም አጥየብ ይሁን። የእንግዳ ማረፊያውንም ለእሱ ነው የምንሰጠው፤ ባለቤቱ ታበስላለች።»

«ግሩም ነው» አልኩ። ግሩም ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

እንግዶቹ ሾላ ዛፍ ሥር ሊያርፉ ተቀመጡ። አጥየብ ከላይ ያለው ምንጭ ውኃ እንዳለው ለማየት ቀደመ፤ «ቅርንጫፉን እያያችሁ ና» ብሏቸው ሄደ። ትንሽ ቆይቼ እኔም ልቅደም ብዬ ተነሳሁ። መንታው መንገድ ላይ ስደርስ ቅርንጫፉ በግራው ላይ ተጋድሟል፤ የተቆረጠበት ገና ያለቅሳል። ግራው ወደ ገደል ይወርዳል፤ ቀኙ ወደ ጫፍ ይወጣል።

አነሳሁት። በቀኙ ላይ አጋደምኩት። ተሻግሬው ሄድኩ።

ሰይጣን አሳሳተኝ ልበል? ሰይጣን አልነበረም፤ እሱ ዳገት አይወድም። እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ በዚህ እጄ። ታዲያ ምን አስቤ? ትንሽ ይሳሳታሉ፣ ላብ በላብ ሆነው ይመለሳሉ፣ ኃላፊውም «ይሄ ሰው አይሆንም» ይላል ብዬ ነው። የሰው ዕቃ ዋጋው እንዲወርድ እንከን ማውጣት የለመድኩት ሥራ ነው። በሬ ላይ አውጥቻለሁ፣ ሰሊጥ ላይ አውጥቻለሁ። ወንድሜ ላይ ማውጣት አቃተኝ? አላቃተኝም።

ከላይ አጥየብ ከምንጩ በቅል ቀድቶ መጀመሪያ እኔን አጠጣኝ። ጠጣሁ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ፀሐይዋ ዘመም ስትል ተነሳ።

«እንግዶች ዘገየ፣ ያ አኺ። ልክ አይደለም።»

እየሮጠ ወረደ፤ እኔ ከኋላው። መንታው ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቅርንጫፉን አየ። በግራው ወደ ገደሉ ገባ። ስንደርስ ሽማግሌው ተንሸራትቶ ወድቋል፤ እግሩ ተሰብሯል፤ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ይንቀጠቀጣል። ኃላፊው ከመጣራት ብዛት ድምፁ ጎርንኗል። አጥየብ ሽማግሌውን አዝሎ ዳገቱን ወጣ። መንታው ላይ ስንደርስ ኃላፊው ቅርንጫፉን በጣቱ እያሳየ ፈነዳ።

«ይኸው! ቀኙ ላይ ነው! በቀኝ አትሂዱ ያልከን አንተ አይደለህም?»

በዚያ መንታ ቀድመን ያለፍነው እኔና እሱ ብቻ ነን። እሱ ግራው ላይ እንዳጋደመው ያውቃል። እንደሚያውቅ እኔም አውቃለሁ። ሰው ተሸክሞ፣ ላቡ እየወረደ፣ ኃላፊውን ትቶ እኔን አየኝ። ጠበቀኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው። እኔ ምን አደረግኩ? ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ። የላስቲክ ጫማ ነበር፤ ማሰሪያ የለውም።

«እኔ ነው ያጠፋሁ» አለ አጥየብ። «ተሳሳትኩ።»

ለምን አለ? በእነሱ ደንብ ከሳህንህ የበላን ሰው በባዕድ ፊት አታዋርድም። እኔ በበላሁት ገንፎ ዳንኩ።

ሽማግሌው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ አጥየብ ወደ ጎን ሳበኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ምናለበት?

«ያ አኺ፣ ሥራውን ፈልገህ ከሆነ፣ ለኔ ብትነግረኝ ውሰድ እልህ ነበር።»

ይህን ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ተነጋግረን አናውቅም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መንደር ገባ። የተሳሳተ ቅርንጫፍ የጣለን ሰው ማን ይከተለዋል? ነጋዴዎች አህያቸውን ለሌላ ሰጡ። ማር ቆራጮች አብረውት መውጣት ተዉ። አንዱ ገበያ ላይ «አጥየብ፣ የመስጊዱን መንገድስ አልዘጋኸውም?» ብሎ ሲያላግጥበት ሰምቻለሁ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ይህን ደግሞ ማንም አላስገደደኝም። በመጨረሻ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ድንበሩን ተሻገረ። እዚያ የሰው እርሻ ሲያርም ሞተ አሉ። ይህን የነገረኝ ሰው ወዳጁ እንደነበርኩ ስለሚያውቅ አጽናናኝ። ተጽናናሁ።

በመሐሉ ስንት የገበያ ቀን አለፈ? የመንደሩ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ስንቴ ሰላም አልኳቸው? «ቅርንጫፉን ያነሳሁት እኔ ነኝ» ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? በጨው ዋጋ ስከራከር ከዚያ የበለጠ አባክናለሁ። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ጎልማሳ ነበርኩ። ችግር ነበረብኝ አልልም፤ ሱቄ ሙሉ ነበር። ይቅር በሉኝም አልላችሁ፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ተራራው ፓርክ አልሆነም። የእንግዳ መስተንግዶው ግን ለኔ ተሰጠኝ፤ ሌሎች እንግዶች አንድ ጊዜ መጡ፣ ዝናብ ያዛቸው፣ ከመኪና ሳይወርዱ ተመለሱ።

አጥየብ ስሙንና አገሩን አጣ። እኔ በመኪና መስኮት አንድ ካርቶን ብስኩት ሸጥኩ።